ከምጡ በፊት የፈሰሰው ውሃ

የመኪና መንዳት አሠልጣኟ ወሯ ገብቶም ሥራ አላቆመችም። ባሏ «ተይ እንጂ» ሲላት፣ «ቤት ተቀምጬ ጣራ ልቁጠር?» ትለዋለች። የዚያን ቀን ጠዋት መሪውን የያዙት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ አደባባይ ባዩ ቁጥር ላብ የሚያጠምቃቸው ሰው።

መብራት ላይ እንደቆሙ ሙቅ ውሃ ፈሰሳት፤ ወንበሩ ራሰ። ሆዷን ዳበሰች። ምጥ የለም፤ ልጁ ግን ይራገጣል።

«ጋሼ፣ የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። የቀኝ ፍሬቻ ያሳዩ፤ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«እኔ ልንዳ? ልጄ፣ ሁለታችሁንም እንዳልጨርሳችሁ!»

«የእኔም እግር ፍሬን ላይ ነው። በቀስታ ማርሽ ያስገቡ።»

ከኋላ ክላክስ ቢያንባርቁባቸውም አደባባዩን ዞረው አደረሷት።

አዋላጇ ውሃውን አየች፤ ጥርት ያለ ነው። ትኩሳቷን ለካች፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጠች። ባልየው ሸሚዙ ዱቄት እንደነካው ከዳቦ ቤቱ እየሮጠ መጣ። እናቱም ተከትለውት ነበር።

«ምጥ ሳይመጣ ምን አስቸኮላችሁ?» አሉ አማት። «ልጅ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ቤቷ ትረፍ።»

«እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ብዙዎቹ ማግስቱ ሳይደርስ በራሳቸው ያምጣሉ» አለች አዋላጇ። «ግን ውሃው ከፈሰሰ ወዲያ ጊዜው በረዘመ ቁጥር ኢንፌክሽን እናትንም ልጅንም ሊይዝ ይችላል።» ወደ አሠልጣኟ ዞረች። «እየተከታተልንሽ መጠበቅም፣ ምጡን በመድኃኒት ማስጀመርም ይቻላል። መድኃኒቱ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድልሽን አይጨምርም። ምን ትያለሽ?»

«አስጀምሩልኝ።»

አማት ከንፈራቸውን መጠጡ። ምጡ ሲፋፋም ግን ወገቧን ያሹላት እሳቸው ነበሩ፤ «አይዞሽ የኔ ጀግና፣ ግፊ!» እያሉ። ባልየው እጁን አስጨብጧት ጣቶቹ ደነዘዙ።

መሸትሸት ሲል ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ክፍሉን በለቅሶ ሞላችው።

አዋላጇ እስከ ማግስቱ እየተመላለሰች ሁለቱንም አየቻቸው። እናትየዋ አላተኮሳትም፤ የልጅቷም አተነፋፈስ ደህና ነበር። «በሰላም ወደ ቤታችሁ» አለቻቸው።

ሊነሱ ሲሉ ሕፃኗ ጡት እንደያዘች እንቅልፍ ወሰዳት። እናትየዋ ጉንጯን በጣቷ ነካ አደረገችና፣ «ተነሺ እንጂ እመቤት፣ መቼ ጠገብሽና!» አለቻት። ልጅቷም ዓይኗን ሳትገልጥ መጥባቷን ቀጠለች።