የመጨረሻው አጣቢ

«ትራክተር ነው አሉ» አለ ጋያውን የያዘው ጎረቤት። «ከኋላ መጥቶ ነው አሉ የገጨው። መብራትም አልነበረው አሉ።»

«ፈጅሩ ቢሰማህ ጉድ ፈልቶብህ ነበር» አለው አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ። «‹አሉ፣ አሉ አትበለኝ፤ አንተ በዓይንህ ምን አየህ? የት ቆመህ አየህ? ትራክተሩስ ቀለሙ ምን ነበር?› እያለ ያፋጥጥህ ነበር።»

በኒሙ ዛፍ ሥር በገመድ አልጋዎች ላይ የተደረደሩት ወንዶች ሳቁ። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም። የሳቁበት ሰው ትናንት አፈር የለበሰ መሆኑ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ትዝ አላቸው። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሌላው ጋያውን ተቀበለ።

ሀክሙዲን አልሳቀም። የሟቹ ታላቅ ወንድም ስለሆነ ከበሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። የሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ መጀመሪያ እሱ ጋ ይደርሳል፤ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ «አላህ ያጽናችሁ» ብሎ ቦታ ይፈልጋል። ሐዘን ቤት እሳት ስለማይነድ ምግቡን የሚያመጡት ጎረቤቶች ናቸው። የማሽላ ቂጣና አሬራ ፊቱ ከቀረበለት ቆይቷል። ቂጣውን ቆረሰ፤ ጣቶቹን አየ፤ መልሶ አስቀመጠው። ፈጅሩዲንን ያጠቡት እነዚህ ጣቶች ናቸው።

ፖሊሶቹ ሬሳውን በሆስፒታል አንሶላ ጠቅልለው ሲያስረክቡ «ሕዝብ ሳይሰበሰብ ቶሎ ቅበሩ» ብለው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። ውሃ ያቀበለው የመስጊዱ ሙአዚን ነው፤ እሱም ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ፣ ፊቱን አዙሮ። ሀክሙዲን ለብቻው፣ በሥርዓቱ፣ ከቀኝ ጀመረ። የወንድሙን ቀኝ እጅ ሲያነሳ አየ። ግራውን ሲያነሳም አየ። ጀርባውን ሊያጥብ በጎኑ ሲያጋድመው ደግሞ ይበልጥ አየ። ትራክተር ሰው ይገጫል፤ ይጨፈልቃል፤ እንዲህ ያለ ምልክት ግን አይተውም።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበር። ፈጅሩዲን በየሐዘን ቤቱ ሲናገር ከአንዴም ሁለት ሦስቴ ሰምቶታል፦ «ከማጠባችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ውሃው ሁሉንም ይዞት ይሄዳል።» ይህን እያወቀ የወንድሙን ራቁት ገላ ፎቶ ማንሳት አልሆነለትም። አጠበው፤ ካፉር የሚባለውን ሽቶ ቀባው፤ በከፈን ጠቀለለው።

ሥርዓቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ጀናዛ ያጠበ ሰው ያየውን ሸፍኖ ይይዛል፤ ለሸፈነ ሰው ምሕረት አለው። አጣቢ አፍ የለውም የሚባለውን በዚህ በመዋት አገር ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ከመጋረጃው ሲወጣ እናቱ አስገሪ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ቆማ ነበር። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ሰውን የምትለየው በእግሩ ኮቴ ነው።

«ተሰቃየ?» አለችው።

«አልተሰቃየም እማ። ባንዴ ነው ያለፈው። እንደተኛ ነው።»

ይህችን ቃል ሴቶቹ ተቀበሏት፤ ከሴቶቹ ወንዶቹ ወሰዷት፤ ሲመሽ መንደሩ ሁሉ «እንደተኛ ነው» ይል ነበር።

የፈጅሩዲን ሥራ እንዲህ ያለውን ቃል አለማመን ነበር። ከተማው ውስጥ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ኡርሚላ ከምትባል ጠበቃ ጋር ሆኖ፣ ሙስሊም በመሆኑ ብቻ የተደበደበውን፣ ሱቁ የተቃጠለበትን፣ ከብት ጭኖ ሲሄድ ከመኪናው ተጎትቶ የተገደለውን እየተከታተለ ይመዘግብ ነበር። ወሬው በደረሰው ቁጥር ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ይሄዳል። መንደርተኛው «ሞት ለቃሚው» ይለዋል። እናቱ አንድ ጊዜ ልጅ አጭታለት እንዲያያት ላከችው፤ ሄዶ እዚያ ሰፈር ስለተቃጠለው ዳቦ ቤት የልጅቷን አባት ሲጠይቅ ውሎ ተመለሰ።

«ልጅቷስ እንዴት ናት?» ብትለው፣

«የቷ ልጅ?» አላት።

ሲጠይቅ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሐዘንተኛ «አውሬዎች ጨፈጨፉት!» ብሎ ሲጮህ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ከዚያ «ስንት ነበሩ? በእጃቸው ምን ነበር? ሲመቱት ምን ይሉ ነበር?» ይላል። አውሬ ብሎ ጽፎ አያውቅም። አንድ ቀን ሀክሙዲን አብሮት ሄዶ፣ ባሏ የተገደለባትን ሴት እንዲህ ሲጠይቃት ሰማውና ሲመለሱ መንገድ ላይ ተቆጣው።

«በሰው ቁስል ላይ ጨው ስትነሰንስ አታፍርም?»

«አፍራለሁ ጋሼ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እያፈርኩ እጠይቃለሁ። እኛ ያልጻፍነውን ሞት ነገ ‹የታለ? መቼ ተደረገ?› ይሉናል።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሩቅ መንደር ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። ቦይ ውስጥ ሞቶ ተገኘ ስለተባለ ከብት ነጋዴ ሊጠይቅ ነበር የሄደው።

«አጣቢው አልናገርም አለኝ» አለ።

«ጥሩ አደረገ» አለው ሀክሙዲን።

«ምን ብዬ ጻፍኩ መሰለህ? ‹ያጠበው ሰው ለመናገር አልፈቀደም።› ይኸው ነው። የሰውዬው ሞት በዚህች መስመር አለቀ።»

«ጥሩ አደረገ አልኩህ። በል እጅህን ታጠብና ብላ።»

የከብት ነጋዴው ሞት እስከ ዛሬ አደጋ ነው የሚባለው።

በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ኡርሚላ መጣች። ሂንዱ ናት፤ ነጠላዋን ግን እንደ መንደሩ ሴቶች ራሷ ላይ ጥላ ነው በወንዶቹ ፊት ያለፈችው።

«እሷም መጣች?» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«ምን ነካህ? የኛን መቃብር ከኛ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት» አለው ሽማግሌው።

ሀክሙዲን ዘንድ ስትደርስ የመንደሩ ሊቀመንበር ሐጂ ነስሩ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ሐጂ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቀብሩ ላይ ሲያለቅስ ታይቷል። ያን ጊዜ በለሆሳስ የሚነግረው ይህንን ነበር፦ «ወንድሜ፣ ልጅህ ወተት ጭኖ ማለዳ ማለዳ የሚያልፈው በዚያው መንገድ ነው። የመቱት ሰዎች፣ መትተውት ከሆነ ማለቴ ነው፣ መኪናውን ያውቁታል። የሞተውን አትመልሰውም። ያለውን ጠብቅ።»

ኡርሚላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ ሀክሙዲን፣ በዚህ ሰዓት በመምጣቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አብራችሁ ስትሠሩ ነበር። ለቅሶው ያንቺም ነው።»

«የሐኪሙ ወረቀት አደጋ ይላል። ሞተር ብስክሌቱን ጣቢያው ግቢ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ መስታወቱ እንኳ አልተሰነጠቀም። ይህ ግን ስለ ሞተሩ ነው፤ ስለ ፈጅሩ የሚነግረኝ የለም። ያጠቡት እርስዎ ነዎት። ሰኞ መዝገቡ ይዘጋል። አንድ ያየ ሰው ቃሉን ከሰጠኝ አላስዘጋውም።»

«እኔ አጣቢ ነኝ» አለ ሀክሙዲን።

«አውቃለሁ። ነገሩን ከፈጅሩ ሰምቻለሁ። አልጫንዎትም።»

ሐጂ ነስሩ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። ሀክሙዲን ግን ነገሩን እዚያ ላይ መተው አልቻለም።

«እንግዲያ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?»

ኡርሚላ ቀና ብላ አላየችውም። «‹ያጠበው ሰው ለመናገር አልፈቀደም› ብዬ ነዋ። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

ተነስታ ወደ ሴቶቹ ገባች። ሀክሙዲን ያን ዕለት ማን መጣ ማን ሄደ አያውቅም። መዳፉን ይዘረጋል፤ ይሰበስባል። ወንድሙ ጭቃውን ከጫማው ሲያራግፍ ብቻ ይታየዋል።

በመጨረሻው የለቅሶ ቀን፣ ከቀትር ሶላት በኋላ፣ እናቱ አስጠራችው። የጓዳው ሴቶች ወጥተዋል። ከአስገሪ ጋር የቀረችው ኡርሚላ ብቻ ናት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ና፣ እዚህ ቅረብ» አለች እናቱ። ተቀመጠ።

«ሰው ሁሉ ‹አልተሰቃየም› ይለኛል። እነሱ ከአንተ ሰሙ። አንተ ከማን ሰማህ?»

የምንጣፉን ጠርዝ በጣቱ ማጠፍ ጀመረ።

«ልጅ ሆነህ ስትዋሽ ቶሎ ቶሎ ነበር የምትናገረው። ያን ቀንም ቶሎ መለስክልኝ።»

«እማ፣ አጣቢ እኮ…»

«አፍ የለውም። አንተ ልታስተምረኝ ነው? የዚህ መንደር ሴቶች በማን እጅ ታጥበው የሚሄዱ መሰለህ? የማን ሆድ ምን እንደነበረበት፣ የማን ጡት በምን እንደቆሰለ፣ ይዤው ነው የምሞተው። የሰው ነውር ይሸፈናል።» ትንፋሽ ወሰደች። «ፈጅሩን ግን መጀመሪያ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከሆዴ ሲወጣ። ጠባሳ አልነበረበትም፤ ጣቱን ሁሉ ዳስሼ አይቻለሁ። ያንን ገላ ሸፍንልኝ፤ የኔ ነው፤ የሱ ነው። ሌሎች የጨመሩበትን ግን ለማን ብለህ ነው የምትሸፍነው?»

ሀክሙዲን ወደ ኡርሚላ አየ።

«እሷ ትጻፍ» አለች እናቱ ያየች ያህል። «እሱም ቢሆን ይጽፍ ነበር።»

«ልጄ በዚያ መንገድ ነው የሚሠራው እማ።»

«የልጅ ልጄ ነው፤ ጠፍቶኝ ነው? ነገ በሌላኛው መንገድ ይዙር፤ ወተቱ ይቆይ። ፍራ፤ መፍራት አለብህ። እየፈራህ ንገረኝ።»

ሀክሙዲን ዞሮ ጀርባውን ሰጣት፤ ቀሚሱን ከትከሻው አወረደ። እጇን ወደ ኋላ ተቀብሎ ከትከሻው ሥር አኖረው።

«ከዚህ» አለ፤ እጇን ቁልቁል እየሳበ፣ «እስከዚህ።»

ኡርሚላ ብዕሯን አውጥታ ነበር። ጥያቄዋ የፈጅሩዲን ነበር። «ቁስል ነው ሰንበር?»

«ሰንበር።»

«አንድ ነው?»

«ብዙ ነው። ጎን ለጎን። የዱላ ነው።»

«ሌላስ?»

ሀክሙዲን ቀሚሱን መልሶ ለበሰና ወደ እናቱ ዞረ። ቀኝ እጁን በጉልበቷ ላይ ዘረጋ። ጣቶቿን አንድ ባንድ አንስቶ በእጅ አንጓው ዙሪያ አዞራቸው፤ ገጠሙ።

«ገመድ» አለ። «አስረውት ነበር።»

ብዕሩ ቆመ። ከዚያ መጻፉን ቀጠለ። ከውጭ አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ፣ ወንዶቹ ለዱዓ ሲነሱ አልጋዎቹ ሲንቋቁ ይሰማል።

አስገሪ አላለቀሰችም። አንጓውን እንደያዘች ቆየች። ቀጥላ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ታሸው ጀመር፤ አሁን ከእስር የተፈታ እጅ ደሙ እንዲመለስለት እንደሚታሸው፣ ቀስ ብላ፣ መጨረሻ ላይ እፍ እያለችበት። ሀክሙዲን እጁን ሊሰበስብ አልቻለም።

«ያኛውንም አምጣው» አለችው።

ሰጣት።