የወገቡ ልክ

«ይወጋኛል» አለ ወንድሟ፣ የደንበኛው ወንበር ላይ ገና ሳይደላደል።

ልብስ ሰፊዋ እህቱ ቀና ብላ አየችው። ስፒል በአፏ ይዛለች። ወንድሟ ተነሥቶ የሸሚዙን ጫፍ ገለበ። ከሱሪው ወገብ ውስጥ፣ ከእምብርቱ በስተቀኝ፣ የሽጉጥ እጀታ ብቅ ብሏል። ሲቆም ደህና ነው። ሲቀመጥ ግን አፈሙዙ ብሽሽቱን፣ እጀታው ጎኑን ይጎነትለዋል። ጠዋት ሱቋን ሳትከፍት በር ላይ ቆሞ የጠበቃት ይህንኑ ሊነግራት ነው፤ ወገቡን ሁለት ጣት አስፍታ፣ ከውስጥ ኪስ ሰፍታ፣ እንዲመቸው እንድታደርግለት። አነጋገሩን የሰማ የስልክ ኪስ የሚያሰፋ ይመስለው ነበር።

መጀመሪያ የወፈረ መስሏት ሜትሯን ወገቡ ላይ ጠምጥማ ነበር። ልኩ ንቅንቅ አላለም። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ የዚህን ሰው ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት፤ የትምህርት ቤት ቁምጣውን፣ የሠርግ ሱፉን፣ ሁሉንም። ልኩን በቃሏ ታውቀዋለች። ሁለቱ ጣት ለሥጋ ሳይሆን ለብረት መሆኑ የገባት ያኔ ነው። ደሟ የፈላውም ያኔ ነው።

«ለምንህ ነው?» አለችው፣ ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፍታ።

ወንድሟ ቀኝ ጆሮውን ወደ እሷ አዞረ። ግራው አይሰማም። «ምን አልሽኝ?»

«ለምንህ ነው ነው የምልህ።»

«ራሴን ልጠብቅ ነዋ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።»

«እኔ አልነካውም፣ እትዬ። ከመጣብኝ ግን እጄን አጣጥፌ አልጠብቀውም።»

ማን እንደሚመጣበት መጠየቅ አላስፈለጋትም። ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ጢሙ ሸብቶ እንኳ ሰፈሩ ማሙሽ ማለቱን አልተወውም። ሽጉጡ ፈቃድ አለው። በሩቅ መንገድ ሽፍታ አይጠፋምና ለዓመታት ከሾፌሩ ወንበር ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ ኖሯል። አምና ግን በመኪና ማቆሚያ ቦታ በተነሣ ጠብ የእንጨት ነጋዴው ልጅ፣ ያ ጡንቼ የሚሉት፣ በጣውላ ጆሮ ግንዱን አለው። የማሙሽ ግራ ጆሮ ደነቆረ፤ ጡንቼ ታሰረ። ዛሬ ይፈታል። እንጨት መሸጫው አሁንም እዚያው ነው፤ መኪናው የሚቆመውም እዚያው ፊት ለፊቱ ነው።

«ዛሬ መኪናህን ሌላ ቦታ ብታቆመው ምን ትሆናለህ?»

«እሱ ተፈታ ብዬ እኔ ልሰደድ?» ወንድሟ ሸሚዙን ወደ ታች ጎተተ። «ካልሰፋሽልኝ ቆዳ ሰፊው ጋ እሄዳለሁ። እሱ ለምን ብሎ አይጠይቀኝም።»

ይህኛው አበሳጫት። የወንድሟን ወገብ ሌላ ሰው ሲለካው ታያት፤ ቆዳ ሰፊው ከነደረቅ የቆዳ ጠረኑ እየተጠጋው፣ «እንዲህ ይሻልሃል ጌታዬ» ሲለው። ካርቶን ስባ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ጥይቱን አውጣና ሽጉጡን እዚህ ላይ አስተኛው።»

ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረች። ከዚያ ይዞት የመጣውን ሌላ ሱሪ ተቀብላ፣ እኩለ ቀን ላይ እንዲመለስ ነግራ አስወጣችው።

ያሰበችው ሥራውን ልታበላሽበት ነበር። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ኖራ የተማረችው አንድ ነገር ቢኖር፣ የማይመች ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደሚቀር ነው። ሰው ይኼ ጠበበኝ ብሎ ተመልሶ አይመጣም፤ ዝም ብሎ ይተወዋል። ኪሱን አጥብባ፣ ስፌቱን ሥጋው ላይ አውላ ብትሰጠው፣ ማሙሽ ለአንድ ሰዓት ይሸከመውና እየተራገመ ወደ ወንበሩ ሥር ይመልሰዋል። ካርቶኑን በመቀስ ቆረጠች። እጇ ላይ የቀረው የካርቶን ሽጉጥ የሕፃን መጫወቻ ይመስል ነበር።

የት እንደሚያመው ለማወቅ ብላ ካርቶኑን የራሷ ቀሚስ ወገብ ውስጥ ሻጥ አድርጋ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። እውነትም ይወጋል። ወደ ጎን ገፋችው፤ ክንዷን ነካባት። ከዳሌ አጥንቷ ኋላ ወሰደችው፣ ትንሽ አጋደመችው። እዚያ ጋ ገላ ጎድጎድ ይላል። ጎንበስ ብላ ፔዳሉን ነካች፤ ቀና አለች፤ ከመሬት ክር አነሣች። ከዚያ ገበሩን ደረበች፣ በሥጋው በኩል ለስላሳ ጨርቅ አደረገች፣ ወገቡ ክብደቱን እንዲችል ከውስጥ ጠንካራ ሸራ አስገባች። ስፌቶቹን ገልብጣ ወደ ውጭ አዞረቻቸው፤ አንድም ክር ቆዳ አይነካም። ካውያ አሳረፈችበት። ካርቶኑን ስታገባው ገጥሞ ቁጭ አለ፤ እሷም በልቧ «እሰይ» አለች።

እሰይ ካለች በኋላ ነው ያደረገችውን ያየችው። ያበላሻል የተባለው እጅ በሕይወቱ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ቆንጆውን ሠርቷል። ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሥራ ሲያዩ ልባቸውን የሚስቱ ሁለት ደነዝ እጆች፤ ቢቻል ኖሮ ራሳቸውን በራሳቸው በጥፊ ታስመታቸው ነበር።

ስልኳ ጮኸ። የወንድሟ ሚስት ነበረች።

«እትዬ፣ አንቺ ጋ መጥቷል አይደል?»

«መጥቷል።»

«ሱሪ አሰፋለሁ ብሎኝ ነው የወጣ።» ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ልጆች አጠገቧ ሳይኖሩ አልቀረም። «ሦስቴ ታጥቆት ወጥቶ ሦስቴ ወጋኝ ብሎ መለሰው። ስለወጋው ፈጣሪን ሳመሰግን ነው የከረምኩት። አደራሽን እንዳይመቸው።»

ሰፊዋ ሱሪውን አየችው። «አሁንማ ተመችቶታል» አለችና ስልኩን ዘጋች።

ስፌቱን ልትፈታ ምላጭ አነሣች፤ ግን ብትፈታው ቆዳ ሰፊው አለ። ምላጩን አስቀመጠች። ከመሳቢያዋ የሱሪ መንጠቆ አወጣችና በኪሱ አፍ ላይ፣ በሽጉጡ እጀታ ላይ የሚያልፍ አጭር ማሰሪያ ሰፋች። ከዚያ ጫማ ሰሪዎች የሚጠቀሙበትን፣ በሰም የታሸውን ክር ፈልጋ አገኘች፤ ወፍራም መርፌ ላይ ድርብ አድርጋ ሰካችውና ደረቷ ላይ፣ ኮቷ ላይ ሻጥ አደረገችው።

ማሙሽ እኩለ ቀን ላይ መጣ። ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ ሱሪውን ቀየረ፤ ወጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ። እግሩን አነባበረ። ፊቱ በራ።

«እትዬ፣ የያዝኩት እኮ አይመስለኝም።»

«ማሰሪያው ስታጎነብስ እንዳይወድቅብህ ነው። መንጠቆውን ነካ ስታደርገው ይለቃል።»

እጁን ወደ ኋላ ልኮ ሞከረው። ለቀቀ። መልሶ አሰረው። «እጅሽን ይባርከው» አላት፤ እንደ ልጅነቱ፣ አዲስ ቁምጣ ሲለብስ እንደሚለው።

«ቆይ፣ መንጠቆው ላልቷል። ዞር በል፣ ላጥብቅልህ።»

ዞረላት። በዚያው ቅጽበት ስልኩ ጠራና በደህናው ጆሮው ላይ ለጠፈው። ስለ ጭነት ያወራ ጀመር፤ ሲሚንቶ፣ የማውረጃ ሰዓት፣ የሚዛን ጣቢያ። ሰፊዋ ከኋላው ተንበርክካ መርፌዋን ከኮቷ ነቀለች። ማሰሪያውን ከሱሪው ወገብ ጋር ሰፋችው። አንዴ፣ ደግማ፣ ደግማ፤ በመንጠቆው ላይ፣ በመንጠቆው ሥር፣ ሸራውን ወግታ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ደህናው ጆሮው በስልኩ ተይዟል፤ ግራው ክሩ ሲበጠስ አልሰማም።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

ሸሚዙን ለቀቀበት። ምንም አይታይም። ትከሻዋን ቸብ አድርጎ ወጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነካካው፣ ሳያስተካክለው፣ ቀጥ ብሎ እየሄደ።

ከሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ሰፊዋ በንዴት ነው የገፋችው። ጉርድ ልትወስድ የመጣች ደንበኛ «ጫፉ ትንሽ አይረዝምም?» ብትላት፣ «አይረዝምም፣ አንቺ ነሽ ያጠርሽው» ብላ አባረረቻት። ማሙሽ ላይ ተናደደች። ጡንቼ ላይ ተናደደች፤ የሰው ጆሮ አጥፍቶ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ወደ አባቱ እንጨት ቤት የሚመለስ ዱርዬ። ከሁሉም በላይ ራሷ ላይ። ጡንቼም ታጥቆ ቢሆንስ? ጡንቼ ቢያወጣ፣ ወንድሟም እጁን ወደ ኋላ ቢሰድ፣ እጀታውን ቢያገኝ፣ ቢስብ፣ ቢስብ። ስልኳን አነሣች። «ማሰሪያውን ሰፍቼዋለሁ» ለማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስሙን አወጣች፣ አየችው፣ መልሳ አጠፋችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አወጣችው። ብትነግረው ይፈታዋል፤ ባትነግረው ሊሞት ይችላል። ስልኩን ከጨርቅ ቁርጥራጭ ሥር ቀበረችው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ ማሙሽ በሩ ላይ ቆመ። ሸሚዙ በአንድ በኩል ወጥቷል። ሰላም ሳይላት፣ ሳያያት አልፏት ከመጋረጃው ኋላ ገባ። የቀበቶ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሱሪው በመጋረጃው ላይ ተወርውሮ መጣና እግሯ ሥር ወደቀ።

አነሣችው። ኪሱ ባዶ ነው፤ ሽጉጡን በኋላ ኪሱን ከሥር ቀድዶ አውጥቶታል። ወገቡ ተተርትሯል፤ ሸራው ወጥቷል፤ የመንጠቆው ሽቦ ቀጥ ብሏል። ማሰሪያው ግን አልተነቀለም። በሰም ክሩ ላይ ደም ደርቋል። የጥፍር ደም ነው።

«ስንት ጊዜ እንደሳብኩት ታውቂያለሽ?» አለ ከመጋረጃው ኋላ።

«ምን አደረገህ?»

«ምንም አላደረገኝ። በእንጨት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ከእነ ጓደኞቹ። ‹ደንቆሮው፣ ደህና ከረምክ?› አለኝ። እጄን ሰደድኩ።» ትንፋሹ ይቆራረጣል። «እምቢ አለኝ። እዚያው ቆሜ ስታገል አየኝ። ‹ምነው ማሙሽ፣ ጀርባህን ቁንጫ በላህ? ና ልከክልህ› አለኝ። ሰፈሩ በሙሉ ሳቀብኝ፣ እትዬ። የእንጨት ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ።»

የሰፊዋ ጥርስ ገጠመ። ጡንቼን አየችው፤ አፉን ከፍቶ ሲስቅ፣ ከኋላው ጣውላው ተደርድሮ። ለአንዲት ቅጽበት፣ ከልቧ፣ «ምነው ክሩ በተበጠሰ ኖሮ» አለች። ይህ ከየት እንደመጣባት አላወቀችም፤ ግን መጥቶ ነበር፣ ጣፍጧትም ነበር።

«እሱም ይዞ ቢሆንስ?» አለ ወንድሟ። «እንደዚያ ከኋላዬ ስታገል ቢደፋኝስ? ይህን አላሰብሽም?»

«ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም።»

«አስበሽ ሰፋሽው?»

«አስቤ ሰፋሁት።»

መንገድ ላይ ልጆች ኳስ ይዘው እየተጯጯሁ አለፉ። ከዚያ፣ ንዴቱ ተመልሶበት፣ «ፍቺው» አላት። «ማሰሪያውን ንቀይና ኪሱን እንደነበረ አድርጊልኝ። ነገም በዚያው በር ነው የማልፈው።»

ሰፊዋ መብራቱን አበራች፣ ምላጯን አነሣች። ማሰሪያውን ነቀለችው። ከዚያ አላቆመችም፤ ኪሱን ፈታችው፣ ለስላሳውን ጨርቅ፣ ገበሩን፣ ሸራውን፤ እዚያ ቆንጆ ሥራ ላይ አንድ ስፌት ሳታስቀር፣ እያንዳንዷን ስትቆርጥ ጥርሷን እየነከሰች። ወገቡ ባዶውን ሲቀር ጠዋት ያሰፋችውን ሁለት ጣት በጠመኔ አሰመረችና ወደ ውስጥ አጠፈችው። ሜትር አላስፈለጋትም።

የስፌት መኪናው ሲነሣ ወንድሟ ድምፁን ለየው። በመጋረጃው ቀዳዳ ምን እንደምትሠራ ሳያይ አልቀረም፤ ለመቆጣት አፉን ሲከፍትም ሰማችው። ግን ሱሪ የለውም፤ ጠዋት ለብሶት የመጣውም የጭነት መኪናው ውስጥ ነው። ወዴት ይወጣል?

«እትዬ» አለ ቆይቶ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ይኼን ነገር የት ላድርገው?»

ዞር ብላ አየች። ከመጋረጃው በታች ባዶ እግሮቹ ይታያሉ፤ ሲሚንቶው ቀዝቅዞታል መሰል አንዱ በአንዱ ላይ ቆሟል፣ ልጅ ሳለ ቁምጣው ተሰፍቶ እስኪያልቅ ሲጠብቃት ያደርገው እንደነበረው።

«በእጅህ ያዘው» አለችውና ፔዳሉን ረገጠች።