ያለ እህል የተለቀለቀ አውድማ

አምባቸው የሚባለው ድሬሰር መካነ ሰላም የመጣው በ1965 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። ከደሴ በጭነት መኪና ተነስቶ፣ በአቀስታ በኩል ሁለት ቀን ተንገላቶ ደረሰ። ከሻንጣው ሌላ ሁለት የቴኒስ ራኬትና አንድ ጣሳ ኳስ ይዞ ነበር። ክሊኒኩ ከማሳዬ ጋር ይዋሰናል። ሲገባም ሲወጣም አየዋለሁ።

በዚያው ክረምት ዝናቡ ቀረ። ገብሱ እሸት ሳይሆን ደረቀ። ሚስቴ አልታዬ ቀደም ብላ ሞታለች፤ የቀረን እኔና ልጄ ሞላ ነበርን። ከደረቀው ማሳ ዛላ በዛላ ለቅመን፣ በእጃችን አሽተን አንድ ስልቻ ዘር አተረፍን። ጎታ ውስጥ ከትተን አፉን በጭቃ መረግነው። ሞላ ጥቅምት ላይ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ሲሄድ፣

«ዘሩን አትንካው አባባ። ለሰኔ እደርሳለሁ» አለኝ።

እኔም በቀን አንድ ጊዜ ጓያ እየቆረጠምኩ ጎታውን ጠበቅሁ። ዘሩ ካለቀ ልጁ የሚመለስበት ነገር የለም። ባዶ ማሳ ማንንም አይጠራም።

አምባቸው ማታ ማታ ሥራ ሲፈታ አጥሬ ላይ ተደግፎ ያወራኝ ነበር። ሚስት አላገባም። ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ዕረፍት ሲደርሰው ዘመድ ይጠይቃል ወይም ጠበል ይሄዳል። እሱ የቴኒስ ሜዳ ወዳለበት ነው የሚሄደው። አስመራ የሜዳው አፈር ቀይ ነው፣ ነጭ ልብስ ለብሰህ ገብተህ እንደ ሸክላ ሠሪ ትወጣለህ ይል ነበር። ድሬዳዋ ሙቀቱ ስለሚከብድ ሳይነጋ ነው የሚጫወቱት። ወንጂ ሜዳው ከሸንኮራው አጠገብ ስለሆነ የወጣ ኳስ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው።

«መካነ ሰላምስ?» አልኩት አንድ ቀን።

«መካነ ሰላምማ ግድግዳ ነው ያላት» አለ። የክሊኒኩን ግድግዳ በኳስ ሲደበድብ በሽተኞቹ ራሳችንን አመመን ብለው ከልክለውታል።

ታኅሣሥ ላይ አጥሩን ዞሮ ገባ። አውድማዬን በእርምጃው ለካው።

«ጋሽ አድማሴ፣ ዘንድሮ ይወቁበታል?»

«ምን እወቃበታለሁ?»

«እንግዲያ ያውሱኝ» አለኝ።

አውድማ ያለ እህል አይለቀለቅም። አባቴም አያቴም አላደረጉትም። ሦስት ቀን አሰብኩበት። እሺ ያልኩት ጨዋታው ምን እንደሆነ ገብቶኝ አይደለም። ሞላ ከሄደ ወዲህ ከግቢዬ ውስጥ የሰው ኮቴ የሰማሁት ያን ቀን ነበር።

አንድ በሬ ቀርቶኝ ስለነበር የሱን እበት ሰብስቤ ሜዳውን አስተካክዬ ለቀለቅሁት። ሲደርቅ እንደ ሰሌን ለጥ አለ። ለመረብ የሚሆን ነገር ስላልነበረ ባዶ ጆንያዎች ሰፍተን፣ መሐል ለመሐል በጠፍር ወጠርናቸው።

«ሁለት ነገር አለ» አልኩት። «አውድማ በጫማ አይረገጥም። አውድማ ላይ ደግሞ አይቆጠርም፤ በረከቱን ያሸሻል።»

«ሳንቆጥር ማን እንዳሸነፈ በምን እናውቃለን?»

«እስቲ ቁጠርልኝ፣ እንዴት ነው?»

«አስራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ።»

«ከሠላሳ አርባ? አምስቱ የት ገባ?»

«እንዲሁ ነው ሕጉ።»

«እንኳንም ከለከልኩህ» አልኩት።

ሳቀ። ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግራችን፣ ሳንቆጥር ተጫወትን። መጀመሪያ ኳሷን እንደ ዝንብ ነበር የማባርራት። በኋላ መመለስ ቻልኩ። አውድማው ጠባብ ነው፤ ግን እንደ ሸክላ ስለጠነከረ ኳሷ ትነጥራለች። ማታ ስተኛ የኳሷ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ይቆያል። ደስ ይለኝ ነበር።

በገና ሰሞን፣ «ጥር ላይ ዕረፍቴ ይደርሳል። አስመራ ልሄድ ነበር፤ ትቼዋለሁ» አለኝ።

«ምነው?»

«ሜዳ አገኘሁ እኮ ጋሽ አድማሴ። ለምን እሄዳለሁ?»

ለኔ ብሎ ከመንገድ የቀረ ሰው ከዚያ በፊት አላውቅም።

ይህን ባለኝ በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት፣ ልጅ አዝላ፣ ከታች ካለው ወንዝ ማዶ መጣች። ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ ግማሽ ቀን ፈጅቶባታል። አውድማው ዳር ቆመች እንጂ አልረገጠችውም።

«አላህ በረካውን ያውርድበት» አለች።

«አሚን» አልኩ። አፌ ለምዶታል። ወዲያው ምን ብላ እንደመጣች ገባኝ።

ስሟ ሀጀራ ነው። ከማዶው ሸንተረር ሆነው ስንት ቀን እንዳዩን ነገረችን። የተለቀለቀ አውድማ አዩ። ጆንያ አዩ። ሁለት ሰው ቆሞ ሲመታ አዩ። አንዱ ባቄላ ነው አለ፣ ሌላው አተር ነው አለ። የሚሄድ ጉልበት ያላት እሷ ሆነች።

አምባቸው ኳሷን አንስቶ ሰጣት። አገላብጣ አየቻት፤ ጫን ጫን አደረገቻት።

«ይኼ ይበላል?»

«አይበላም እህቴ። ጨዋታ ነው።»

«እንግዲያ ምን አድርጓችሁ ነው የምትመቱት?»

ሳታሾፍ ነው የጠየቀችው። ኳሷንም በሁለት እጇ መለሰችለት።

በኛ አገር አውድማ ላይ የደረሰ ሰው ባዶውን አይመለስም። ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ጠላትም ቢሆን ሰፍረህ ትሰጠዋለህ። እህል አለ ብሎ መምጣቱ የሷ ስህተት ነው። ያሳሳታት ግን የኔ አውድማ ነው። ጓያው ተሟጧል። ገብቼ የጎታውን ጭቃ ሰበርኩ። መስፈሪያ ስላልቀረበኝ በአምባቸው የኳስ ጣሳ ሰፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠርኩላት።

«ዘር አይደለም እንዴ?» አለ አምባቸው ከሄደች በኋላ።

«ነው።»

በማግሥቱ ስድስት ሰዎች መጡ። ከነሱ ቀጥሎ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው መጡ። ክሊኒኩ ደጃፍ የተኙትም ሰምተው መጡ። አምባቸው የራሱን ዳቦ እየቆረሰ ሰጠ፤ ለሦስት ሰው እንኳን አልደረሰም። በአራተኛው ቀን ማታ ስልቻውን አነሳሁት። ግማሹ ሄዷል።

ጠዋት ዶማ ይዤ ወጣሁ። አምባቸው አውድማው መሐል ቆሞ ነበር።

«ነገ ሲመጡ ኳስ ነው ብለን እንመልሳቸው» አለኝ።

«አውድማው እያለ አልመልስም።»

«አንድ ሳምንት ይታገሱኝ። ለደሴ ጽፌያለሁ። እርዳታ ይላካል።»

«ስልቻው ሳምንት የለውም።»

«እባክዎ ጋሽ አድማሴ።»

«ዞር በል» አልኩት።

መሐሉን በዶማ መታሁት። የተለቀለቀው ፊት እንደ ቅርፊት ተነሳ። አምባቸው ጆንያዎቹን ፈቶ አጠፈና ድንጋይ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ጫማውን አሰረ። እስከ ምሳ ድረስ ቆፍሬ ስጨርስ ግቢው ውስጥ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሄደ፤ ከዚያ አስመራ። ዕረፍቱ ነው፤ አልወቅሰውም። የካቲት ላይ ይመለሳል ተብሎ ነበር። የካቲት ላይ አዲስ አበባ ተነሳች፣ ወታደሩም ተነሳ ተባለ፤ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ላይ ተደፋ። ክሊኒኩ ሌላ ድሬሰር መጣለት። ስለ አምባቸው ስጠይቀው አላውቀውም አለኝ።

አውድማውን ካፈረስኩ በኋላ ሰው መጣ። እኔ ከደጄ ሆኜ አየሁ። አምስት ይሆናሉ፤ ማዶው ሸንተረር ላይ ቆሙ። ወደኔ አዩ። የተቆፈረውን አዩ። አንዱ ቁጭ አለ። ረጅም ጊዜ ቆይተው ያንን ሰው ደግፈው አነሱት፤ ሳይወርዱ ተመለሱ። ልጠራቸው እችል ነበር። ድምፅ ይደርሳል።

እኔ በቅጠልና በሥራሥር ሰኔን አገኘሁ፤ ዝናብ ጣለ። የማሳዬን ግማሽ ዘራሁ።

ሞላ የመጣው ሐምሌ ሲጋመስ ነው። ከስቷል፤ በወባ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። እንደደረሰ ቤት አልገባም፤ ማሳው ዳር ሄዶ ቆመ።

«ግማሹ ለምን ጦም አደረ?» አለኝ።

«ሰው መጥቶ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ይህ ይገባዋል፤ የኔ ልጅ ነው። ከዚያ ግን የበቀለውን አየና፣

«ሰው ከመጣ፣ ይኼኛው እንዴት ተረፈ?» አለኝ።

«አረሙ በዝቷል» አልኩት። «ከዚያኛው ጫፍ ጀምር።»