አንድ ጭልፋ ለሁለት ድስት

እትዬ ፈንታነሽ የመንደራቸውን የገሳይን ሰው ለማስታረቅ አራት ወር ሙሉ እግራቸው እስኪነቃ ዞረዋል። ማን ላካቸው? ማንም! የንስሐ አባታቸው አንድ ቀን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ቢሏቸው፣ «እኔ እንኳ ቂም የለኝም፣ አባ» ብለው መለሱ። «አንቺ ባይኖርሽ ሰፈርሽ አለው» አሏቸው። በቃ፣ ይህች ቃል ልባቸው ገብታ አላስቀምጥ አለቻቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትም እናትም በሌለው ወሬ ተነሥተው የክርስቲያን ጎረምሶች የሐጂ አደምን ሱቅ ሰባበሩ። ከሁሉ ፊት የነበረው የእትዬ ፈንታነሽ የእህት ልጅ ሙሉቀን ነው፤ አይ እሱ! በሦስተኛው ቀን ደግሞ የሐጂ ልጅ አሚን የገበሬውን የዘውዱን የጭድ ክምር ለኮሰ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ ቀረ፤ ለቅሶ መደራረስ እንኳ ቀረ። የአንዱ ቀብር ሲያልፍ ሌላው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ገሳይ እንዲህ ሆና አታውቅም።

እትዬ ለምነውም፣ ተቆጥተውም ሁለቱን ወገን ግቢያቸው ሰበሰቡ። እንደ ወጉ ሁለት በግ ታረደ፤ አንዱን ዘውዱ «በስመ አብ» ብሎ፣ ሌላውን ሐጂ አደም «ቢስሚላህ» ብለው። የአንዱን እርድ ሌላው አይቀምስም፤ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ነው። የእስላሙን ድስት የሐጂ ባለቤት ከድጃ ያዘች፣ የክርስቲያኑን እትዬ ራሳቸው።

ከግቢው ወይራ ሥር የተቀመጡት ወንዶች ግን በአንድ ድንጋይ ነገር ተጣብቀው ቀሩ። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይንበረከካል። ታዲያ ማን ይቅደም? «ቀድሞ የሰበረ ይሸከም!» ይላል አሚን። «ያቃጠለ ይብሳል!» ይላል ሙሉቀን። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች፤ ድንጋዩን የሚነካው ጠፋ። አንዳንዱ ጋቢውን ሰብስቦ ሊሄድ ተነሣ።

እትዬ አንድ ጆሯቸውን ውጭ ጥለው ወጥ ያማስላሉ። ከድጃ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ብላለች። ድስቷ ሊገነፍል ሲል እትዬ ዘለው ክዳኑን ከፈቱና አማሰሉ፤ በያዙት ጭልፋ። በገዛ ጭልፋቸው! የክርስቲያኑ ሥጋ መረቅ እየተንጠባጠበበት። ልባቸው ውጭ ነውና መልሰው ደግሞ የራሳቸው ድስት ውስጥ ነከሩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህ ግን የሚለቀም አይደለም።

ክው ብለው ቀሩ። ማንም አላየም። ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸዋል? ቢናገሩ ደግሞ «ሆን ብላ ነው፣ ልታረክሰን ነው» የሚል አይጠፋም፤ የአራት ወር ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። «ምነው እመብርሃን፣ ዛሬን ጨከንሽብኝ?» አሉ። «ግን ሐጂ አምነውኝ ቤቴ መጥተዋል። ያመነኝን ሰው እያወቅሁ ሐራም አጉርሼ ነው የማስታርቀው?»

ጭልፋውን እንደያዙ ወጡና የሆነውን ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ያን ድንጋይ አነሡ፤ አንገታቸው ላይ ጭነው ሐጂ አደም ፊት ተንበረከኩ።

«ሐጂ፣ በድያችኋለሁ፤ አፉ በሉኝ። እናንተም ወገኖቼ፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ይቅር በሉኝ።»

የሐጂ ዓይን ዕንባ ሞላ። «ኧረ ያ አላህ! ለአንዲት ጭልፋ? ይነሡ እንጂ እትዬ፣ አንገትዎ ይሰበራል!» ብለው ድንጋዩን ሊያወርዱላቸው እጃቸውን ዘረጉ።

ሙሉቀን ቀደማቸው። «ሱቅ የሰበርሁት እኔ ቆሜ፣ አክስቴ ለጭልፋ ትንበርከክ?» ድንጋዩን ተቀብሎ አንገቱ ላይ ጫነና እዚያው ተደፋ። «አፉ በሉኝ፣ ሐጂ። የሰው ወሬ ሰምቼ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አፉ ብየሃለሁ፣ ልጄ» አሉ ሐጂ፣ በገዛ እጃቸው እያወረዱለት። አሚንም ማንም ሳይጠራው መጥቶ ድንጋዩን ከአባቱ እጅ ተቀበለና ወደ ዘውዱ ሄደ። ዘውዱ ደግሞ መንበርከኩን እንኳ አልጠበቀም፤ አቅፎ አነሣው።

የሁለቱም ድስት ወጥ የውሻ ሲሳይ ሆነ። «እንግዲህ ሆዳችንስ?» ብትል ከድጃ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ ሽሮውን ይዞ መጣ። ሽሮ የእስላም፣ የክርስቲያን የለውም! አንድ መሶብ ከብበው በሉ፤ ሙሉቀን አሚንን አጎረሰው፣ አሚንም መለሰለት።

እትዬ ግን ምግቡ አልወርድ አላቸው፤ ዕንባቸው ብቻ ይወርዳል። «አሁንማ ምን ያስለቅስዎታል?» አሏቸው ሐጂ።

«ደስታ ነው፣ ሐጂ። ተመስገን፣ ጌታዬ! ድስቶቹ ባይበላሹ ኖሮ እኮ፣ ታርቀን እንኳ ለየብቻ ነበር የምንበላው።»