ቁም ያሉት ክንዶች

ክሬን ነጂው የሚቀመጥባት የመስታወት ክፍል ከምድር እጅግ ከመራቋ የተነሣ፣ አሞራ እንኳ እዚያ ለመድረስ መንገድ ላይ አረፍ ይላል ይባልላታል። የዚያን ቀን ጠዋት ከመንጠቆው ላይ የተንጠለጠለው ደግሞ ተራራ የሚያክል ብረት ነበር፤ የባሕር ወለል ጎርጓሪ ማሽን። ወደቡ ላይ የቆመችው መርከብ ላይ ካረፈ ውቅያኖሱ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ድንች ድንች የሚያካክሉ ማዕድን ያዘሉ ድንጋዮችን ከነጭቃቸው፣ ከነነፍሳታቸው እየመጠጠ ሊያወጣ ነው።

ማሽኑን ከመሬት ብድግ አድርጎ ወደ መርከቧ ሊያዞር ሲል ከአጥሩ ወዲያ ታላቅ እህቱን አያት። ዓሣ ነጋዴ ናት። ሁለት ክንዶቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ገመድ ላይ እንደተሰጣ ሸሚዝ ቆማለች።

የነጂው እጅ መቆጣጠሪያው ላይ ደረቀ።

በወደብ ሥራ "አንሣ፣ አዙር፣ አውርድ" የሚለው ምልክት ሰጪው ብቻ ነው፤ ሌላው ቢያጨበጭብ ቢጨፍር ነጂ አያየውም። "ቁም" ግን የሁሉም ነው። ጠራጊም ይሁን መንገደኛ፣ ክንዱን ግራና ቀኝ ከዘረጋ ክሬን ይቆማል፤ ላይ ያለው የማያየውን አደጋ ታች ያለው አይቶት ይሆናላ! ነጂው ይህን ሕግ ጥሶ አያውቅም። ሲኩራራበት የሰማ ሰው ሕጉን ከሰማይ ይዞት የወረደው እሱ ይመስለዋል።

ሬዲዮው ተንጫጫ። "ምን ይገትርሃል?" አለ የወደቡ አለቃ።

"የቁም ምልክት አይቻለሁ፣ አለቃ።"

"ከማን?"

"ከእህቴ።"

"እሷ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ የተቀጠረችው?"

"ለቁም መቀጠር አያስፈልግም። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩን።"

"እሱ ለአደጋ ነው! አደጋው የታለ?"

ነጂው ትናንት ምሳ ላይ የተጣሉበት ነገር ትዝ አለው። "እዚያ ታች ያለው ድንጋይ ጥፍር ታህል ለማደግ ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል" ብላው ነበር እህቱ። "ላዩ ላይ የሚኖረው ፍጡር መሄጃ የለውም። ጭቃው ሲናጥ ደግሞ የሩቁንም ያፍናል።"

"እኔ ዕቃ ነው የማነሣው፤ ባሕር አልቆፍርም" አላት።

"አዬ ወንድም ዓለም! እንግዲያው ዓሣውን የሚያርደው ቢላዬ ነው፤ እኔማ ምን አጠፋሁ!"

ነጂው ሬዲዮውን ጨበጠ። "አደጋው ታች ነው፣ አለቃ። እርስዎም እኔም ከማናይበት።"

ከእህቱ ኋላ መረብ ጠጋኞች ክንዳቸውን ዘረጉ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ፣ ደንበኛውም ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። ከተማው ባዶውን ቀርቶ፣ ሌባ ቢገባ የሚሰርቀው ቢያገኝም የሚገዛው አያገኝም ነበር።

"ሥራህን ከወደድክ አሁኑኑ አዙር!" ጮኸ አለቃው። "አለዚያ ውረድ፤ ነገ እንዳላይህ!"

ያቺን ወንበር ለማግኘት ግማሽ ዕድሜውን ጨርሷል። የሚያውቀው ሌላ ሙያ የለውም። ምልክት ሰጪውን አየው፤ ምልክት ሰጪውም ሕዝቡን አየና፣ እጁን ዝቅ አድርጎ "አውርድ" አለ። ነጂው ማሽኑን መልሶ ካነሣበት መሬት ላይ አስቀመጠው፤ እንቁላል እንኳ እንደዚያ አይቀመጥም። ከዚያ መሰላሉን ወረደ።

ታች አለቃው ሌላ ነጂ ጠርቶ ቆሟል፤ ወንበሯን ለዓመታት ሲመኛት የኖረ ተቀናቃኙ ነው። "መቀመጫዋን ሞቅ አድርገህልኛል አይደል?" አለው እያለፈው።

ከአጥሩ ወዲያ ሲደርስ እህቱ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። "ተባረርክ?"

"ተባረርኩ።"

"ዓሣ መበለት ትማራለህ።"

"ሽታው አይስማማኝም።"

"ወሬውን ተውና ክንድህን ዘርጋ።"

ዘረጋ። ላይ ሞተሩ ተነሣ፣ የብረት ገመዱ ተወጠረ፣ ማሽኑ ከመሬት ብድግ እንደማለት አለ። ከዚያ ተቀናቃኙ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"አለቃ! ይህን ሁሉ ሰው 'አላየሁም' ብዬ ለማን ልማል?"

ሞተሩ ጠፋ። መርከቧ ተቆጥታ ጥሩምባዋን ነፋች። ያኔ ዓሣ ነጋዴዋ ሳንባዋን ሞልታ "ቁሚ!" ብላ መለሰችላት፤ ጥሩምባው ዳግመኛ አልተሰማም።