አንዱን እየዘለሉ

መምህርቷ የኮምፓሱን ሹል ጫፍ ወረቀቱ ላይ ተከለችና ክቡን በአንድ ትንፋሽ አዞረችው። መስመሩ የተነሳበት ነጥብ ላይ ተመልሶ ገጠመ። ከጠረጴዛው ማዶ ሽንኩርት የምትልጠው ታናሽ እህቷ ቢላዋዋን አስቀምጣ ታያታለች።

"እጅሽስ ምንም አልሆነ፣ እታለም።"

"እጄ ምን ይሆናል? አንቺ እንደ ተማሪ አስቢ። ክቡ ውስጥ ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ጎነ ሦስት ሥሩ ተብለናል። ምን እናደርጋለን?"

"እኔ ምኑን አውቄ! ከአንቺ ክፍል በመስኮት አይደል የወጣሁት?"

"በበር ነው ሚጢ፤ ያስወጣሁሽም እኔ ነኝ።"

ሁለቱም ሳቁ።

ነገ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ክፍሏ ገብቶ ከኋላ ይቀመጣል። በቅርቡ አንዱን ትምህርት ለአንድ ክፍል በአንድ ቀን ደግማ አስተምራ፣ ተማሪዎቹ ሲስቁ ምን እንዳሳቃቸው አልገባትም ነበር። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ መሆኑን ለሚጢ ነግሯታል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ፣ "ይህችን አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሠርተው ካሳዩኝ ዓመቱን ይጨርሱ፤ አለበለዚያ..." ብሎ የቀረውን ዋጠው።

መምህርቷ የኮምፓሱን አከፋፈት ሳትነካ በክቡ ዙሪያ አራመደችው። ስድስት ነጥብ ወጣ።

"አሁን አንዱን እየዘለልን እናገናኛለን" አለች፣ ድምፅዋ የክፍል ድምፅ ሆኖ። ማስመሪያውን አስጠግታ አንደኛውን ነጥብ ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው እያለች አንዱንም ሳትዘል ዞረችው። "ይኸው ጎነ ሦስት።"

"እታለም፣ ይሄ እኮ ስድስት ጎን አለው።"

"የቱ?"

"እስቲ ቁጠሪው።"

ቆጠረች። አራተኛው ጎን ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። "ውይ! አልዘለልኩም ለካ። ቆይ፣ አትንገሪኝ፤ ራሴ ልድረስበት።"

ሌላ ወረቀት ወሰደች። "ዝለይ፣ ዝለይ" እያለች ለራሷ ነገረች፤ እጇ ግን አልዘለለም። በሚቀጥለው ላይ ሚጢ የሚገናኙትን ሦስት ነጥቦች በቀይ እስክሪብቶ ከበበችላት። ጎነ ሦስቱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

"አየሽ!"

"አየሁ" አለች ሚጢ። "ነገ ሰሌዳው ላይ ማን ይከብልሻል?"

"አንቺ ከጎኔ ትቆሚያለሽ።"

"ሞግዚቷን ይዛ መጣች ይሉሻል።"

ይህኛው ቀልድ ማንንም አላሳቀም። መምህርቷ አንገቷን ደፍታ አዲስ ክብ አዞረች። ሚጢ መጨረሻውን ሳታይ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ለርዕሰ መምህሩ ደወለች።

"ጌታዬ፣ ነገ አትመጣም... አይ፣ ይቅር፣ ሌላ ቀንም አይቀጠርላት። ሌላ አስተማሪ ይመድቡ። ልጆቹ ዳግመኛ እንዲስቁባት አልፈልግም።"

ስትመለስ እህቷ ወረቀቱን እንደ ሰርተፍኬት በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀቻት።

"በይ አርሚው። ለእህቴ ብለሽ ግን ራይት እንዳትሰጪኝ።"

ሚጢ ስድስቱንም ጎኖች ልብ ብላ አየቻቸው። ቀዩን እስክሪብቶ አንስታ ከክቡ በላይ ትልቅ ራይት አደረገች፤ ከዚያ ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር አስተካክላ ደራርባ፣ ገልብጣ አስቀመጠችው።