ባልና ሚስት በሁለት መደርደሪያ

ባለቤቴ ዳንቴል ኮራሎችን እየለየ ስም ያወጣል። ከደሴቶች ግርጌ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚያድጉ፣ ቅርንጫፋቸው እንደ ዳንቴል የተበሳሳ እንስሳት ናቸው። እንስሳ መሆናቸውን አብረውን የሚኖሩት አማቴ እስከ ዛሬ አልተቀበሉም።

ከሃያ ዓመት በፊት ባለቤቴ በአንድ ጽሑፍ ሁለት አዲስ ዝርያ አሳወቀ። ቀጭኑን በእናቱ፣ ጉብጉብ የበዛበትን በእኔ ስም ጠራው። አንድ ወር አኮረፍኩት። አማቴ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ባሕር ውስጥ ስሜ አለ፤ የእኔው ቀጭኑ ነው" ይላሉ።

ለሙዚየሙ የናሙናዎቹን ሥዕል የምሠራው እኔ ነኝ። ሰኞ ሁለቱን ከየብልቃጣቸው አውጥቼ በማይክሮስኮፕ ሳይ፣ በእኔው ጉብጉብ ውስጥ እንቁላል አገኘሁ። የአማቴን አገላብጬ ፈተሽኩ። ቀዳዳዎቹ ከእኔው ጋር አንድ ናቸው፤ ጉብጉቡ ግን ጥቃቅን ነው፣ እንቁላልም የለውም። ወንድ ነው። ለካስ ሁለት ዝርያ ሳይሆን ባልና ሚስት ኖረዋል፣ ሃያ ዓመት በተለያየ መደርደሪያ።

ባለቤቴም አይቶ አመነ። በደንቡ መሠረት፣ ሁለት ስም አብሮ ከወጣ ስህተቱን ቀድሞ በጽሑፍ ያረመ ሰው አንዱን መርጦ ያጸናል፤ ሌላው ከሥሩ በትንሽ ፊደል ይገባል።

"አንቺ ጻፊው" አለኝ። "እኔ በእናቴና በአንቺ መሀል አልገባም።"

"አንተ ገብተህ እኮ ነው እዚህ የደረስነው።"

የማን ስም እንደሚጸና ልቤ ወስኗል፤ የእኔ ነዋ። ለአማቴ መንገር ግን ጨነቀኝ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እንግዳ ሲመጣ የሚኮሩበት ሌላ ወሬ የላቸውም። ምሳ ላይ እንደምንም አፌን ከፈትኩ።

"እማማ፣ ሁለቱ ኮራሎች ባልና ሚስት ሆነው ተገኙ። የሚጸናው አንዱ ስም ብቻ ነው።"

ማንኪያቸውን አስቀምጠው ልጃቸውን አዩት። "ባልና ሚስት የምትለየው አንተ ነህ? እዚህ ቤት በዚህ ስታማ የኖርኩት እኔ ነበርኩ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "የእኔን አጥፊው ልጄ። አንቺ ገና ብዙ ትቆያለሽ።"

በእሳቸው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ።

ከሰዓት ቢሮ ገብቼ በጽሑፉ የእሳቸውን ስም አጸናሁ፤ የእኔን ከሥሩ በትንሽ ፊደል አስገባሁ። ብልቃጦቹንም ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

ቅዳሜ ጎረቤታችን ብቅ ስትል አማቴ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። "ሰማሽ?" አሏት። "ምራቴ በሳይንስም ከሥሬ ነች።"

ቀጭኑ ወንዱ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ለክፉ ቀን ይዤዋለሁ።